ክረምት ሲገባ ሻጋታን ከቤት፣ ጭርትን ከቆዳ ማስለቀቅ

ሐምሌ ላይ ነው። አራት ኪሎ ከምከራያት ሰርቪስ ቤት ቁም ሳጥን ስር ጥቁር የቆዳ ጫማዬን ሳወጣ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ አገኘሁት። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ መልሼ እዚያው ከተትኩት። በሳምንቱ እንደገና ለብሶት ነበር። የጠረግኩት ላዩን ነው፤ እርጥበቱን አልነካሁትም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ እርጥበቱ ካልሄደ ፈንገሱም አይሄድም።

ለምን? ሻጋታም፣ ጭርት የሚያመጣውም ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ ተክል አይደለም። ቅጠል የለውም፣ ከፀሐይ ብርሃንም ምግብ አይሠራም። እንዲያውም በዝምድና ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። የሴሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው ካይቲን የበረሮ ቅርፊት ውስጥም አለ። አበላሉ ደግሞ ከእኛ ይለያል። እኛ ከዋጥን በኋላ ሆዳችን ውስጥ እንፈጫለን፤ እሱ ግን ኢንዛይሙን ምግቡ ላይ ያፈስና እዚያው አሟሙቶ ይመጠዋል። ይህ ያለ ውሃ አይሆንም። ያ አረንጓዴ ዱቄት ዘሩ ነው፣ ስፖር ይሉታል። በአየር ስለሚሄድ የሁላችንም ቤት ገብቷል። ዘሩን ጠርጎ መጨረስ አይቻልም፤ የሚቻለው እንዳይበቅል ማድረግ ነው።

ሁሉንም አንጥላው ግን። የጤፉን ሊጥ የሚያቦካው እርሾ ውስጥ አለ፣ ጠላና ጠጅም ያለ እሱ አይሆኑም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው።

ከእንጀራ እንጀምር። አንዱን አንሱና መስኮት ጋ በብርሃን እዩት። አንዱ ዓይን ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም ዳሩ አረንጓዴ ካለ ሻግቷል። ብዙዎቻችን ያንን ቦታ ቆርሰን እንጥልና የቀረውን እንበላለን። እንጀራ ግን ስፖንጅ ነው፣ ቀለሙ እስኪታይ ድረስ የሻጋታው ቀጭን ክር ውስጥ ውስጡን ሄዷል። ሙሉውን ጣሉት፣ ከላይና ከታች ያሉትንም አንድ በአንድ እዩ። በዛሬው የጤፍ ዋጋ እንጀራ መጣል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠብቁት። ትኩሱን አትደራርቡ፣ እንፋሎቱ ይታፈንና ውሃ ይሆናል። መሶቡን በየጊዜው አራግፋችሁ ፀሐይ አስመቱት። የሻገተውን አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ደግሞ ይቅር፤ ድርቀት ሻጋታውን ከማደግ ያቆመዋል እንጂ ሊኖር የሚችለውን መርዝ አያወጣውም።

መርዝ ያልኩት በተለይ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ ያሳስበኛል። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመነጫል፣ እሱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያመጣል። «ቁሌቱ ላይ ይሞታል» የሚሉ አሉ። ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ግን የቤት እሳትን ይችላል። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ስትሄዱ ዛላውን ሁለት ሦስት ቦታ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ። ላዩ ቀይ ሆኖ ፍሬው ዙሪያ ግራጫ ወይም ጥቁር ካለ ተዉት። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል፤ የሚለመጥ ከሆነ ውሃ አለበት።

ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ቀለም አትቀቡበት፣ ከስሩ ማደጉን ይቀጥላል። መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ በብሩሽ ፈትጋችሁ አድርቁት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከአቼቶ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ ምንጩን ፈልጉ። ቆርቆሮው ያፈሳል? ልብስ የምታሰጡት ቤት ውስጥ ነው? ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። የእኔን ጫማ ያዳነው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰውነት። አብዛኛው ፈንገስ የሰውነታችንን 37 ዲግሪ ሙቀት አይችለውም። ቆዳችን ግን ቀዝቀዝ ይላል፣ ያልበናል። ጭርት የሚያመጡት ፈንገሶች ኬራቲን ይበላሉ፤ ቆዳ፣ ጸጉርና ጥፍር የተሠሩበትን ማለት ነው። ቋቁቻ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያመጣው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም የሚኖር እርሾ ነው።

እግር ስትታጠቡ የጣቶቹን መሀል አድርቁ፣ በተለይ የትንሿንና የጎረቤቷን። ነጭ ሆኖ ከረጠበ፣ ከተላጠና ካሳከከ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ክሎትሪማዞል የሚባለውን የፈንገስ ቅባት ጠዋትና ማታ ከሚያሳክከው ቦታ ትንሽ አሳልፋችሁ ቀቡ። ጠፋ ብላችሁ በአምስተኛው ቀን አታቁሙ፣ ከጠፋም በኋላ ሁለት ሳምንት ቀጥሉ። ካልሲ በየቀኑ ቀይሩ። ዝናብ የመታውን ጫማ ሳይደርቅ አታድርጉት፤ ሰልባጅ ከገዛችሁም መጀመሪያ ጸሐይ ላይ አስጡት።

አደራ የምለው ነገር አለ። ለጭርት ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት፣ ቤታሜታዞንን የመሰለውን፣ ከጎረቤት ተውሳችሁ አትቀቡ። ማሳከኩ በሁለት ቀን ያቆማል፣ መቅላቱም ይጠፋል፣ ስለዚህ የዳነ ይመስላል። የእህቴ ልጅ ክንድ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ጭርት ነበረች። ያ ቅባት አንድ ወር ሲቀባ አንገቱ ደረሰ፣ ክብ ቅርጿም ጠፋ፤ ሐኪሟ ለመለየት ቆዳውን ፍቃ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበረባት። ስቴሮይዱ የሰውነትን መከላከያ ያስተኛዋል፣ ፈንገሱ ግን አይተኛም።

የልጅ ራስ ላይ የወጣ ጭርት በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ ጸጉሩ ስር ገብቷል። ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልግ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ማበጠሪያና ኮፍያውንም ለይታችሁ ያዙለት። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለባክቴሪያ ነው፣ ፈንገስን አይገድልም። እንዲያውም ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ሲጨርስ ካንዲዳ የሚባለው እርሾ አፍ ውስጥ ወይም ብልት አካባቢ ሊበዛ ይችላል።

የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ጣት መሀል ከተሰነጠቀ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፣ ያሳዩ። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ ለቀናት የማይለቅ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከያዘው ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ አንጎል ሽፋን ደርሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን።