የእማማ ፌስታልና ስልኬ ላይ ያለው ኤአይ

ቤት ለቤት እየዞርኩ ታካሚ የምጠይቅ ነርስ ነኝ። ከማያቸው ሰዎች መካከል ሐሳባቸው የማይለቀኝ አንዲት እማማ አሉ። ስኳርም ግፊትም አለባቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። የሚታከሙት ሦስት ቦታ ነው። መድኃኒታቸው ሁሉ በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ራስጌያቸው ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ካላችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በእርግጥ ያግዛችኋል፤ አያያዙን ካወቃችሁበት።

መጀመሪያ ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘርግፉት። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ለኤአዩ አትላኩ፤ እኛም በስንት መከራ ነው የምናነበው። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ከማሸጊያው ላይ እያያችሁ ጻፉ። ከጎረቤት የተሰጣቸውን፣ ያለ ማዘዣ የገዙትንም ጠይቁ። የእማማ ፌስታል ውስጥ ለግፊታቸው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳራቸው ግሊበንክላማይድ ነበር። ትራሳቸው ሥር ደግሞ ለጉልበታቸው የገዙት ዳይክሎፌናክ ተገኘ። «አብረው መወሰድ የሌለባቸው አሉ?» ብዬ ኤአዩን ስጠይቀው ፊት ያወጣው ዳይክሎፌናኩን ነው። ከሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ይህን እኔም ተምሬዋለሁ። ስምንት ቤት ዞሬ ሲደክመኝ ግን ሊያልፈኝ ይችላል።

ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር አታስገቡ። «በ70ዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት» ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃን ስለሚጠብቅ ነው።

በጣም የምለምናችሁ ስለ ሰዓት ነው። እማማ በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ይህንኑ ጽፌ ስለ ግሊበንክላማይዱ ጠየቅሁት። «ችግር የለውም፣ 9 ሰዓት ቁርስ ሲበሉ ይውሰዱት» አለኝ። ደነገጥኩ። 9 ሰዓትን በፈረንጅ ቆጥሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አድርጎታል! እማማ ግን ኪኒኗን ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ነበር የሚውጡት። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር። «ጠዋት ከተነሱ በኋላ 9 ሰዓት ሙሉ ሳይበሉ ይቆያሉ» ብዬ ብጽፍለት መልሱ ተገለበጠ፤ ስኳር የመውረድ አደጋ አለ፣ ከጾሙ በፊት ሐኪም መድኃኒቱን ይየው አለ። ስለዚህ መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት በቁጥር አትጻፉ። «ቁርስ ሊበሉ ሲሉ»፣ «ከእራት በኋላ» በሉ። የቀጠሮ ቀንም እንዲቀይርላችሁ አትተዉት፤ ካሌንደር አይታችሁ ራሳችሁ ቀይሩ።

ከዚያ ሁለት ነገር አሠሩት። አንዱ ሐኪሙ የሚጠየቃቸው አምስት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ሌላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የመድኃኒት ሰሌዳ ነው፤ በቀላል አማርኛ። ሰሌዳው ከመለጠፉ በፊት የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ይየው። የእማማ ዳይክሎፌናክ የቆመው ዝርዝሩን ይዤ ሐኪሙ ጋ ከሄድኩ በኋላ ነው። ማቆምም መቀየርም የሐኪም ሥራ ነው።

ሰው ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ስልክ ላይ አትጻፉ። ስኳሩን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ 907 ደውሉ።

ሰሌዳው ላይ ቀን ጻፉበት። መድኃኒት ሲቀየር አሮጌውን ቀዳችሁ ጣሉት። እማማ ቤት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጥፎ አግኝቻለሁ፤ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸው የነበረው የድሮውን ነው።