የዓለት መውጫ ጫማ፦ ልክን ከብራንድ ብራንድ እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

የዘወትር ጫማ ቁጥርዎ 42 ነው እንበል። የአንዱ ኩባንያ 42 ቁጥር የዓለት መውጫ ጫማ ሲለብሱት ውስጡ ይላወሳል፤ የሌላው 42 ደግሞ ተረከዝዎን እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው። ሁለቱም በትክክል የተሠሩ ናቸው። ጫማ የሚሠራው ፎርማ በሚባል እግር መሰል ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ነው። ፎርማ ደግሞ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ስፋት፣ የተረከዝ ጥልቀት፣ የጣት ክፍል ከፍታና ወደ ታች የመጉበጥ መጠን አለው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ የሚናገረው ስለ ርዝመቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ኩባንያዎቹ በየራሳቸው መንገድ ይናገሩታል። ለዚህ ነው የማነጻጸሩ ሥራ ከራስዎ እግር መጀመር ያለበት።

እግርን መለካት

ከሰዓት በኋላ ወይም ምሽት ላይ ይለኩ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ወረቀት ከግድግዳ አስጠግተው መሬት ላይ ያንጥፉ፤ ባዶ እግርዎን ተረከዙ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ያሳርፉና ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ይጣሉበት። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ የሚያሰምርልዎ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ራስዎ ጎንበስ ካሉ ክብደትዎ ስለሚዛወር ልኩ ይዛባል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ፣ ከዚያም እግሩ ሰፊ በሆነበት ቦታ (ከአውራ ጣት መገጣጠሚያ እስከ ትንሿ ጣት መገጣጠሚያ) ያለውን በሚሊሜትር ይጻፉ። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ጫማ የሚመረጠው ለትልቁ ነው።

የሠሩት ንድፍ ሌላም ነገር ያሳያል። አውራ ጣት ከሁሉም ረጅም ከሆነ፣ ጫፋቸው ወደ አውራ ጣት በኩል ያጋደለ ጫማዎች ይስማማሉ። ሁለተኛው ጣት የሚበልጥ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ጫማ ሁለተኛውን ጣት በኃይል ያጥፈዋል፤ ጫፉ ወደ መሃል የቀረበ ጫማ ይሻላል። ጣቶቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ከሆነ ደግሞ ከፊት ሰፋ ያለ ቅርጽ ይፈልጉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ቁጥር ሲለዋውጥ ይውላል፤ ቅርጹ ያልተስማማን ጫማ ግን የትኛውም ቁጥር አያስተካክለውም።

ቁጥሮቹ የሚለኩት

በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር 6.67 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሽ ቁጥር ወደ 3.3። በእንግሊዝም በአሜሪካም አንድ ቁጥር የኢንች አንድ ሦስተኛ ማለትም 8.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹ 4.2 ነው። እርከኖቹ እኩል ስላልሆኑ የመቀየሪያ ሰንጠረዦች ወደ ቅርቡ ቁጥር ያጠጋጋሉ። በዘወትር ጫማ ይህች የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አትታወቅም፤ የዓለት መውጫ ጫማ ውስጥ ግን ጣት ወዲያው ያውቃታል። ስለዚህ ኩባንያው በመጀመሪያ የሚጠቀምበትን አቆጣጠር ይወቁና ከዚያው ላይ ይምረጡ፤ ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ አይዝለሉ።

ቁጥር መቀነስ ለምን እንደተለመደም ከዚሁ ስሌት ይገባል። በአውሮፓ አቆጣጠር 42 ማለት 280 ሚሊሜትር የሚሆን ፎርማ ነው። ይህን ጫማ የሚለብስ እግር 265 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ቀሪው 15 ሚሊሜትር ለመራመጃ የተተወ ክፍት ነው። ዓለት ላይ ያ ክፍት አያስፈልግም። 265ን ለ6.67 ቢያካፍሉት ወደ 40 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ጣቶቹን ሳያጥፍ ሊለብስ ይችላል ማለት ነው፤ «ሁለት ቁጥር ቀነስኩ» ማለት ብቻውን ጫማው መጥበቡን አያረጋግጥም።

በተግባር ግን ሁሉም እንዲህ አይቆጥርም። ላ ስፖርቲቫን የሚለብሱ ልምድ ያላቸው ዓለት ወጪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዘወትር ቁጥራቸው ከ1 እስከ 2 ይቀንሳሉ፤ ስካርፓ ላይ ብዙዎች ከግማሽ እስከ 1 ተኩል ይቀንሳሉ። ኢቮልቭ ላይ ደግሞ የዘወትሩ ቁጥር ራሱ ወይም ከእሱ ግማሽ ዝቅ ያለው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እነዚህ መነሻዎች ብቻ ናቸው፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥም ሞዴል ከሞዴል ይለያያል።

ለምን ሥራ ነው?

ሶሉ ዝርግ የሆነ ጫማ ለጀማሪ፣ ለረጅም የዓለት መውጫ መንገድና ለዓለት ስንጥቅ ነው፤ ጣቶች ጫፉን ነክተው ቀጥ ወይም በጥቂቱ ብቻ እጥፍ ይበሉ። በተለይ ስንጥቅ ውስጥ እግር ገብቶ ስለሚጠመዘዝ የታጠፈ ጣት ክፉኛ ይጎዳል። ወደ ታች የጎበጠው ጫማ ወደ ውጭ ላዘነበለ ግድግዳና ለቦልደሪንግ (ያለ ገመድ አጫጭር ዓለት ለመውጣት) ነው፤ በእሱ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ መንገዱ ሲያልቅም ጫማው ይወልቃል። ለመጀመሪያ ጫማ የጎበጠ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው ብለን እናምናለን፤ እግር አጠቃቀም ገና ያልተማረ ሰው ጉብጠቱን አይጠቀምበትም፣ ሕመሙ ግን አይቀርለትም።

ሲለብሱት የሚፈተሸው

ያለ ካልሲ ይሞክሩ። ማሰሪያውን እስከ ታች ድረስ ያላሉ፣ መጀመሪያ ጣቶችዎን በቦታቸው አስተካክለው ተረከዙን ይሳቡ፣ ከዚያ ይቁሙ።

ከጣት ይጀምሩ። ሁሉም ጣቶች የጫማውን ፊት መንካት አለባቸው። ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ጠባብ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ጎማው ይታጠፍና እግር ይንሸራተታል። ዙሪያውን እኩል የሆነ ጠንካራ ጭመቃ ጤናማ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ሕመም፣ ለምሳሌ አንድ የጣት አንጓ ላይ ወይም ጥፍር ሥር፣ ጤናማ አይደለም፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ መደንዘዝም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን «ይለመዳል» ብለው ለዓመታት የለበሱ ሰዎች ሥጋ ውስጥ የሚያድግ ጥፍርና ወደ ጎን የተጣመመ የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ያተርፋሉ።

ተረከዝ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በአውራ ጣትዎ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ጫን ያድርጉት፤ ጎማው ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ውስጡ አየር ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ተረከዝን እንደ መንጠቆ ሰክተው ሲስቡ ይዞራል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ ቁጥር ይቀንሳሉ፤ የተረከዙ ቅርጽ ግን እምብዛም አይለወጥም፣ የሚቀጡት ጣቶች ናቸው። መፍትሔው ሌላ ሞዴል ነው፤ ወይም የዚያኑ ሞዴል ጠበብና ዝቅ ያለ ዓይነት። ይህ ብዙውን ጊዜ «የሴት» ተብሎ ይሸጣል፤ እግሩ ቀጭን ለሆነ ወንድም ይሆናል፣ እግሯ ሰፊ የሆነች ሴትም «የወንድ» የተባለውን ብትይዝ ምንም ችግር የለውም። በተቃራኒው የጫማው የላይኛው ጠርዝ የተረከዝን ጅማት የሚቆርጥ ከሆነ አሥር ደቂቃ ለብሰው ይመልከቱ፤ ካልለዘበ ይተዉት።

ከዚያ ማሰሪያውን ይመልከቱ፤ ስለ እግርዎ ውፍረት ብዙ ይናገራል። ቬልክሮው እስከ መጨረሻው ተስቦ ከመያዣው ካለፈ፣ ወይም የክሩ ሁለት ጎኖች ከተነካኩ፣ ጫማው ለእግርዎ ትልቅ ይዘት አለው። ጎኖቹ በጣም ከተራራቁ ጠቦታል። የጎበጠ ጫማ ከሆነ የእግር ቅስትዎ ሥር ክፍተት አለመኖሩንም ያረጋግጡ።

አሁን ሥራ ይስጡት። አንድ ሴንቲሜትር በምታህል ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት በኩል 30 ሰከንድ ይቁሙ። ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ በሰበቃ ብቻ ይቁሙ። ተረከዝዎን አንድ ጠርዝ ላይ ሰክተው ይሳቡ። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከተወላወሉ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ ይልበሱ፤ ከዚያ ቀኝና ግራውን ቀይረው ሁለቱንም ቁጥር በሁለቱም እግር ይሞክሩ፤ አለበለዚያ የሚያነጻጽሩት ጫማውን ሳይሆን እግሮችዎን ይሆናል።

የሚሰፋና የማይሰፋ

ገበር የሌለው ቆዳ እስከ አንድ ሙሉ ቁጥር ሊሰፋ ይችላል፣ ከርዝመት ይልቅ በስፋት። የላ ስፖርቲቫ ሚቶስና የፋይቭ ቴን ሞካሲም የዚህ ዓይነት ናቸው። ገበር ያለው ቆዳ ግማሽ ቁጥር ገደማ ይሰጣል። ሰው ሠራሽ ቁስ ይለሰልሳል እንጂ ብዙም አይሰፋም፤ ላዩ በጎማ የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ገበር አልባ ቆዳ በመጀመሪያው ቀን ጠበቅ ማለት አለበት፤ ሰው ሠራሹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ልክ ይሁን። እንዲሰፋ ብለው ምድጃ ወይም ጠንካራ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡ፤ ሙጫው ይላቀቃል። ቤት ውስጥ አሥር አሥር ደቂቃ መልበስ ይበቃል፤ አልገባ ካለ ስስ ላስቲክ ከረጢት እግር ላይ አድርጎ ማንሸራተት ይረዳል።

ካለዎት ጫማ ተነስቶ አዲስ መምረጥ

የለመዱትን ጫማ ሞዴል፣ ቁጥር፣ ቁስና ማሰሪያ ይጻፉ፤ የት እንደሚጫን፣ የት ባዶ እንደሆነም ይጨምሩ። ከሁሉ በላይ ያሮጌ ቆዳ ጫማን የዛሬ ስሜት ከአዲስ ሰው ሠራሽ ጋር አያነጻጽሩ፤ አሮጌው ሰፍቷል። ማወዳደር ያለብዎ አዲስ በነበረ ጊዜ ከነበረው ልክ ጋር ነው። በመስመር ላይ የሚገዙ ከሆነ በግማሽ ቁጥር የሚለያዩ ሁለት ያዝዙ፣ ንጹሕ ወለል ላይ ብቻ ይሞክሩ፤ ዓለት የነካ ጫማ አይመለስም።

ለልጆች ቁጥር አይቀነስም። አጥንታቸው ገና እያደገ ስለሆነ ጣቶቻቸው ቀጥ ብለው መዘርጋት አለባቸው፤ ተረከዙ በማሰሪያ የሚስተካከል ጫማ ቢገኝ ይመረጣል።

ሶል ለማስቀየር ሲልኩም ልኩን ያስቡ። ከሥር ያለው ሶል ብቻ ሲቀየር ልኩ ብዙም አይነካም፤ ጣቶቹን የሚከበው ጎማ ከተቀየረ ግን አዲሱ ስለሚወጠር ጫማው ጠበቅ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ያ ጎማ ሳይበሳ፣ ሶሉ ሲሳሳ ይላኩት።