ቦንድ ሲቆረጥ ኃይል አይወጣም፦ በኬሚካል ትስስርና በሕያዋን ኬሚስትሪ ሊታረሙ የሚገቡ ስህተቶች

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትም ተማሪዎች የሕያዋን ኬሚስትሪን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ በሽምደዳ ያልፉታል። ኋላ ስለ ኢንዛይም፣ ስለ ኤቲፒ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያቀብለው ሞለኪውል) እና ስለ ዲኤንኤ ሲማሩ መሠረቱ ይከዳቸዋል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት አንድ ጥያቄ ካለመጠየቅ ነው፦ የተቆረጠው ወይም የተፈጠረው ቦንድ (ትስስር) የትኛው ነው? በምንና በምን መካከልስ ነው?

«ቦንድ ሲቆረጥ ኃይል ይለቀቃል»

ከሁሉም የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፤ በየማስታወሻ ደብተሩ ተጽፎ ይገኛል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አቶሞች የሚጣመሩት አንድ ላይ ሲሆኑ ያላቸው ኃይል ተለያይተው ከሚኖራቸው ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ለመለያየት ሁልጊዜ ኃይል መክፈል ያስፈልጋል፤ ኃይል የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው።

በቁጥር እንየው። ከእበት የሚገኘው ባዮጋዝ አብዛኛው ክፍሉ ሜቴን ነው። አንድ ሞል ሜቴን ሲነድ አራት የካርቦንና ሃይድሮጅን ቦንዶች ይቆረጣሉ፤ እያንዳንዱ ወደ 413 ኪሎጁል ስለሚፈልግ 1652 ኪሎጁል ይሆናል። አብረውት የሚገቡት ሁለት ሞል የኦክስጅን ሞለኪውሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 498፣ በድምሩ 996 ኪሎጁል ይፈልጋሉ። ጠቅላላ ወጪው 2648 ኪሎጁል ነው። በምትኩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለት ድርብ ቦንዶች በ799፣ በውሃው ተን ውስጥ አራት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቦንዶች በ463 ይፈጠራሉ፤ ገቢው 3450 ኪሎጁል ይሆናል። ድስቱን የሚያሞቀው ልዩነቱ ማለትም 802 ኪሎጁል ነው። ጋዙ ክብሪት ሳይጫርለት ዝም ብሎ የማይነድበት ምክንያትም ከዚህ ይገባል፤ ቦንዶቹ መላላት እንዲጀምሩ መነሻ ኃይል ያስፈልጋል።

ኤቲፒም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ከውሃ ጋር ተገናኝቶ አንድ ፎስፌት ወደጎደለው ኤዲፒና ወደ ነፃ ፎስፌት ሲለወጥ በመደበኛ ሁኔታ በሞል 30.5 ኪሎጁል ገደማ ነፃ ኃይል ይገኛል። ይህ ኃይል በመጨረሻው ቦንድ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ አይደለም። በኤቲፒ ላይ ተጠጋግተው የሚገፋፉት አሉታዊ ቻርጆች ይራራቃሉ፤ የተለየው ፎስፌት ኤሌክትሮኖቹን በሰፊው ያከፋፍላል፤ ውሃም ውጤቶቹን በተሻለ ይከባቸዋል። የተፈጠረው ከጠፋው ይልቅ የተረጋጋ በመሆኑ ትርፍ ይገኛል። ስለዚህ «ኤቲፒ በውሃ ሲከፈል ኃይል ይገኛል» ብላችሁ ብትጽፉ ልክ ናችሁ። «ቦንዱ ሲቆረጥ ኃይል ይወጣል» ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። «ከፍተኛ ኃይል ያለው ቦንድ» የሚለው የቆየ አጠራር ብዙ ሰው አሳስቷልና ባትጠቀሙበት ይመረጣል።

ሃይድሮጅን ቦንድን በሞለኪውሉ ውስጥ መፈለግ

በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንን ከሃይድሮጅን የሚያገናኘው ኮቫለንት ቦንድ ነው፤ አቶሞቹ ኤሌክትሮን ይጋራሉ ማለት ነው። በውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን ቦንድ የምንለው በአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅንና በሌላው ሞለኪውል ኦክስጅን መካከል ያለውን ስበት ነው። ጥንካሬው በሞል 20 ኪሎጁል አካባቢ ሲሆን ኮቫለንቱ 463 ነው። በሥዕል ስታሳዩ ኮቫለንቱን በሙሉ መስመር፣ ሃይድሮጅን ቦንዱን በነጠብጣብ መስመር አስምሩ፤ ይህ ልማድ ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ሁለቱን የቀላቀለ ተማሪ ውሃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚለያይ ይመስለዋል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሞል ውሃን ወደ ተን ለመለወጥ የሚያስፈልገው 40.7 ኪሎጁል ነው። የሞለኪውሉን ሁለት ኮቫለንት ቦንዶች ለመቁረጥ ግን 926 ኪሎጁል ያስፈልግ ነበር። ከማንቆርቆሪያው የሚወጣው እንፋሎት ያው ውሃ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት፣ ሃይድሮጅን ያለበት ሁሉ ሃይድሮጅን ቦንድ አይሠራም። በሕያዋን ሞለኪውሎች ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘ፣ ተቀባዩም ነፃ የኤሌክትሮን ጥንድ ያለው ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን መሆን አለበት። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲው (በቦንድ ውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ) ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20 ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ቦንድ ዋልታ (አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ) የለውም ለማለት ይቻላል። ዘይት ከውሃ ጋር የማይዋሃደውም ለዚህ ነው። ዘይቱ ውሃን አይገፋም፤ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲያያዙ ዘይቱ ቦታ ያጣል። የቦንዱ ዋልታ ግን የሞለኪውሉን ዋልታ ሁልጊዜ አይወስንም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለቱም ቦንዶቹ ዋልታ ቢኖራቸውም ቅርጹ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይሰራረዛሉ። ውሃ በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ በመሆኑ አይሰራረዙም።

«እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈርሳል»

አይፈርስም። ሙቀቱ የሚፈታው የፕሮቲኑን ቅርጽ የያዙትን ደካማ ትስስሮች ነው፤ ሃይድሮጅን ቦንዶችንና ከውሃ ሸሽተው መሀል የተሰበሰቡትን ክፍሎች። የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ነጩን ያረጉታል። አሚኖ አሲዶቹን ያያያዘው ፔፕታይድ ቦንድ ኮቫለንት ስለሆነ አይነካም። በላቦራቶሪ እሱን ለመቁረጥ ፕሮቲኑን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ110 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ማቆየት የተለመደ ነው። ጨጓራችን ያንኑ ሥራ በ37 ዲግሪ የሚጀምረው ፔፕሲን የተባለ ኢንዛይም ስላለው ነው። ወተት ሲረጋም እንዲሁ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጩት አሲድ ፒኤቹን (አሲድነት ሲጨምር የሚወርደውን መለኪያ) ወደ 4.6 ሲያወርደው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ቻርጁ ይመጣጠንና ይያያዛል። ሰንሰለቱ ግን አልተቆረጠም።

ዲኤንኤም ላይ ጥያቄው ያው ነው። ሁለቱን ክሮች የሚያገናኙት ሃይድሮጅን ቦንዶች ናቸው፤ በአዴኒንና ታይሚን መካከል 2፣ በጉዋኒንና ሳይቶሲን መካከል 3። የእያንዳንዱ ክር ጀርባ ግን ኮቫለንት ነው። ዲኤንኤን በሚያባዛው የፒሲአር ምርመራ ናሙናው 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ክሮቹ ተለያይተው ጀርባቸው ሳይበጠስ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨውን እንደ ሞለኪውል መቁጠር

በጨው ውስጥ አንድ ሶዲየም ለአንድ ክሎሪን የተዳረ አይደለም። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) በስድስት ተቃራኒ አዮኖች የተከበበ ነው። «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል» የሚለውም አይሠራም። ከሶዲየም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ክሎሪን ሲቀበል የሚመልሰው 349 ብቻ ነው። ጉድለቱን ሸፍኖ የሚያተርፈው አዮኖቹ ተደርድረው ክሪስታል ሲሆኑ የሚወጣው 787 ኪሎጁል ነው።

«አዮኒክ ቦንድ ይበልጣል ወይስ ኮቫለንት?» ለሚለው ጥያቄ አካባቢውን ሳይጠቅሱ መልስ መስጠት አይቻልም። ደረቅ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። በውሃ ውስጥ ግን የአዮኖቹ መሳሳብ ወደ 80 ጊዜ ገደማ ስለሚዳከም በቀላሉ ይለያያሉ። የባዮሎጂ መምህር አዮኒክ ትስስርን ከደካሞቹ የሚመድበው ሕዋስ ውሃማ ስለሆነ ነው። ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሉ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ የስኳር ውሃ አያስተላልፍም።

የወጣውን ውሃ መርሳት

ሁለት ግሉኮስ ሲያያዙ አንድ ውሃ ይወጣል፤ በሞለኪውል ክብደት 180 ሲደመር 180 ሲቀነስ 18፣ 342 ነው። አሥር ግሉኮስ በአንድ ቀጥተኛ ሰንሰለት ከሆነ የሚቀነሰው 9 ውሃ ነው፣ ውጤቱም 1638። ወጥመዱ ሰንሰለቱ ከአንድ ሲበልጥ ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ብዙዎች 50 ፔፕታይድ ቦንድ ብለው ይመልሳሉ። ነገር ግን ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው፣ ባለ 21 እና ባለ 30። ስለዚህ 20 ሲደመር 29፣ 49 ነው። ሰንሰለቶቹን የሚያያይዙት የሰልፈር ድልድዮች የተለየ ኬሚስትሪ ስላላቸው ከዚህ ቁጥር አይገቡም።

«ሁለቱም ግሉኮስ ስለሆኑ አንድ ናቸው»

ቡላና ቃጫ ከአንድ የእንሰት ተክል ይወጣሉ። ቡላው በአብዛኛው ስታርች፣ ቃጫው በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆኑ ልዩነቱ የቦንዱ አቅጣጫ ነው። በስታርች አልፋ ነው፣ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል። በሴሉሎስ ቤታ ነው፣ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ ይታሰራል። ስታርችን የሚፈጨው የሰው ኢንዛይም አሚሌዝ የሚያውቀው አልፋውን ብቻ ነው። ላም ቃጫውን የምትጠቀመው ጨጓራዋ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው።

ፒኤችን እንደ ተራ ቁጥር ማየት

ደካማ አሲድ ማለት ብዙ ውሃ የተቀላቀለበት አሲድ ማለት አይደለም፤ ጥቂት ሞለኪውሎቹ ብቻ ወደ አዮን የሚለያዩ ማለት ነው። 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤቹ 2.9 ነው፤ መቶ እጥፍ የሳሳው 0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ 3። ፒኤችንም በአማካይ አታስሉ። ፒኤች 3 እና ፒኤች 5 የሆኑ የጠንካራ አሲድ ሙሙቶች እኩል ሲቀላቀሉ ውጤቱ 4 ሳይሆን 3.3 ነው፤ መጀመሪያ የሃይድሮጅን አዮኑን መጠን አስሉ፣ ከዚያ ወደ ፒኤች መልሱት።

የደም ፒኤች በጤናማ ሰው ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የሃይድሮጅን አዮኑ ግን በሊትር ከ40 ናኖሞል ወደ 80 ገደማ፣ በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። እነዚህ አዮኖች በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው ሄሞግሎቢን ላይ ሲለጠፉ በክፍሎቹ መካከል አዮኒክ ትስስሮች ይጠናከራሉ፣ ኦክስጅንን የመያዝ ጉልበቱም ይላላል። ይህ ክርስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋር በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳየው ውጤት ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ጡንቻ አሲድነቱ ሲጨምር ተጨማሪ ኦክስጅን የሚያገኘው በእሱ ነው።