እንጉዳይን ለመለየት ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት

ክረምት ሲገባ በየሜዳውና በየኩይሳው ዙሪያ እንጉዳይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ምንነቱን መለየት ከፈለጋችሁ ከመሬት በላይ በቢላ አትቁረጡት፤ ዋናው ምልክት ብዙ ጊዜ የተቀበረው አፈር ውስጥ ነው። የሚበላው፣ ከምስጥ ቤት የሚበቅለው የምስጥ እንጉዳይ እግሩ እንደ ሥር እየቀጠነ እስከ ምስጡ ቤት ይወርዳል፤ የቆቡም መሐል ሾጠጥ ይላል። ከግርጌው ከረጢት መሰል ሽፋን፣ በእግሩ ላይ ቀለበት፣ ከቆቡ ሥር ነጭ ሽንሽን ካያችሁ ግን ከገዳዮቹ ወገን ሊሆን ስለሚችል እዚያው ተዉት።

ቀጥሎ ቆቡን ከእግሩ ለይታችሁ በሽንሽኑ በኩል ነጭ ወረቀት ላይ ድፉት፤ በብርጭቆ ከድናችሁም አሳድሩት። ጠዋት ዱቄት የመሰለ ብናኝ ታገኛላችሁ። የምስጥ እንጉዳይ ብናኝ ወደ ሮዝ ያደላል። አረንጓዴ ከሆነ ሣር ሜዳ ላይ የሚበቅለው፣ ክፉኛ የሚያስታውከው ዝርያ ነው። ሮዝ መሆኑ ብቻውን ግን የመበላት ፈቃድ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ይየው።

«ትል ከበላው አይጎዳም»፣ «ነጭ ሽንኩርት ካላጠቆረ ደኅና ነው» የሚባለው ከንቱ ወሬ ነው። መቀቀልም የገዳዩን መርዝ አያጠፋውም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ ስለሚጀምር፣ በልቶ የታመመ ካለ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ።