በሱሉልታ ነፋስ ትንሽ መብራት ለማብራት

የእህቴ ልጅ አዳማ ሄዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን አይታ ስትመለስ «አጎቴ፣ የነሱ ነፋስ መብራት ሲሆን የኛ ለምን ቆርቆሮ ብቻ ይገነጥላል?» አለችኝ። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አሳፈረኝ።

ዋናው ዕቃ ዲናሞ ነው። ምናለሽ ተራ ሂዱና ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ፈልጉ። ሳትከፍሉ ሁለቱን ሽቦ ከቴስተር አገናኝታችሁ ዘንጉን በጣት አሹሩት። ቮልት ካሳየ ውስጡ ማግኔት አለ፤ ግዙት። የቬንትሌተር ዲናሞ ማግኔት ስለሌለው ብታዞሩት ምንም አይሰጥም። የመኪናም ይቅርባችሁ፤ በጣም ካልፈጠነ ኃይል አያመነጭም።

ለክንፉ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቁ። ሦስቱ ይበቃሉ። ሥሩን ሰፊ፣ ጫፉን ቀጭን አድርጋችሁ በሴጌቶ ቁረጡና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከዚያ አንድ በአንድ መዝኑ! እኔ ሳልመዝን ገጥሜ አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ የጎረቤት አጥር ላይ አረፈ። ደግነቱ ሰው አልነበረም። ሦስቱን ክብ ኮምፔንሳቶ ላይ እኩል አራርቃችሁ በብሎን እሰሩ፤ ጎድጓዳው ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር። ኮምፔንሳቶውን ዘንጉ ላይ አጥብቁ።

ከኋላ የላሜራ ጭራ ግጠሙለት፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ የሚመልሰው እሱ ነው። አዳማ ያሉት ትልልቅ ተርባይኖች ጭራ የላቸውም። የነፋሱን አቅጣጫ መሣሪያ ይለካና ሞተር ጭንቅላቱን ያዞረዋል። ሌላው ያው ነው፤ ነፋስ ክንፍ ይገፋል፣ ክንፍ ዘንግ ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ውስጥ ማግኔትና ሽቦ ሲተላለፉ ኤሌክትሪክ ይወጣል። የመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሆኑ 34 ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት።

አሁን ቦታው። ጣራ ላይ እንዳትሰቅሉት። እኔ ሰቅዬ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ባለቤቴ ልታባርረኝ ነበር። ደግሞ ቤቱ ራሱ ነፋሱን ይበጠብጠዋል። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ከቤትም ከዛፍም አርቃችሁ ትከሉ። ከፍታ እንዲሁ አይደለም፤ ከፍ ሲል ነፋሱ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ያም ሆኖ እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፍጥነት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ሩብ ያህሉ ይጎድላል። የእንጀራ ምጣድማ እርሱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ኤልኢዲ የምትባለዋን ትንሽ መብራት ብቻ አገናኙ። ካልበራ ክንፉን ከመንቀላችሁ በፊት ሁለቱን ሽቦ አቀያይሩ። ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው። እኔ ይህን እያወቅኩ ግማሽ ቀን ዲናሞ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ፤ ሽቦውን አገላብጣ ያበራችው ልጅቷ ናት።