ዝንጅብልን አድርቆ ለቤትም ለገበያም ማዘጋጀት

10 ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል ስትገዙ 8 ኪሎ ገደማው ውሃ ነው። የቀረው 2 ኪሎ ነው ጠረኑን፣ ማቃጠሉንና ለጤና የሚፈለገውን ሁሉ የያዘው። ውሃው በንጽህና ከወጣ ያ 2 ኪሎ ወራትን ይቆያል፤ ገበያም ያገኛል። በደንብ ካልወጣ ግን ይሻግታል። ያኔ ዕቃው ይበላሻል፣ ገንዘቡም ይባክናል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ ያደረቅኩት ዝንጅብል ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስል ነበር። አስፈጭቼ በፕላስቲክ ዕቃ ከደንኩት። በሁለት ሳምንቱ ስከፍተው ጓጉሏል፣ የሻጋታ ሽታም አለው። ሙሉውን ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ግን በዚህ ምክንያት የደፋሁት የለም። አሁን የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጤናው

ዝንጅብል የማይገባበት የቤታችን ምግብ ጥቂት ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ አለ፣ ቅቤ ሲነጠር አለ፣ አልጫ ውስጥ አለ። የወላይታ ዳጣም ያለ እሱ ዳጣ አይሆንም። ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ ከማር ጋር ይፈላልናል።

የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይሄኛው ይበልጥ ያቃጥላል። ስለዚህ ደረቁ የእርጥቡ ደካማ ምትክ ነው ብላችሁ አታስቡ። ጠባዩ ትንሽ ይለያል እንጂ ኃይለኛ ነው።

በጥናት በደንብ የታየው ጥቅሙ ለማቅለሽለሽ ነው፤ በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ለሚመጣው። በብዙዎቹ ጥናቶች የተሰጠው መጠን በቀን 1 ግራም ገደማ የደረቀ ዝንጅብል ነው፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ። 1 ግራም ማለት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ያህል ነው። ለወር አበባ ሕመምም የሚያግዛቸው ሴቶች አሉ። ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የታየው ለውጥ ግን መጠነኛ ነው። ጉንፋን ላይ ጉሮሮን ያሞቃል፣ ያስታግሳል፤ ጉንፋኑን ግን አያድንም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ስንሻማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከኮሮና እንደሚከላከል ግን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀዶ ጥገና የሚጠብቅና የሐሞት ጠጠር ያለበትም እንዲሁ። ቃር ያለበትን ሊያባብስበት ይችላል። ነፍሰ ጡር እናቶች ምግብ ውስጥ የሚገባው አያሳስባቸውም፤ እንደ መድኃኒት አስበው ሲወስዱት ግን የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

1. ጊዜውን ምረጡ

በወላይታ፣ በከምባታና በጠምባሮ፣ በቴፒም አካባቢ ዝንጅብል በአብዛኛው የሚተከለው ከበልግ ዝናብ ጋር ነው። ለማድረቅ የሚሆነው 8 ወይም 9 ወር መሬት ውስጥ የቆየውና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የወደቀው ነው። ይህ ከታኅሣሥ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። ደግነቱ በጋ ነው፣ ፀሐይ አለ። ምርቱም ፀሐዩም አብረው ይመጣሉ። በክረምት ያለ ማድረቂያ መሣሪያ አትጀምሩ።

2. ስትገዙ በእጃችሁ እዩት

ጠንካራ፣ ከበድ የሚል፣ ልጣጩ የተወጠረ ይሁን። አንዱን ጣት ሰበር አድርጉ። ክሩ ከታየና ጠረኑ ወዲያው ከመጣ የበሰለ ነው። ለጋው ለሻይና ለወጥ ይጣፍጣል፤ ሲደርቅ ግን ብዙውን ውሃው ይወስደዋል፣ ከሚጠበቀው ያነሰ ይተርፋችኋል።

ለስላሳ፣ ውሃ የሚያወጣ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ካገኛችሁ አንድም አትቀላቅሉ። ይህ የአጠውልግ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በ2004 አካባቢ በደቡብ ያለውን የዝንጅብል እርሻ ክፉኛ መታው። ዝንጅብል ሸጦ ልጅ ያስተምር የነበረ ገበሬ ማሳውን ወደ ሌላ ሰብል ለመቀየር ተገደደ። ባክቴሪያው በዘር፣ በውሃና በእርሻ መሣሪያ ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ መትከል የምታስቡ ካላችሁ ከገበያ የገዛችሁትን ዝንጅብል ለዘር አታድርጉ። በአካባቢያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ወይም የምርምር ማዕከል ጠይቃችሁ ንጹሕ ዘር ፈልጉ።

3. ነክሩ፣ እጠቡ፣ ፋቁ

ጭቃው የሚደበቀው በጣቶቹ መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጣቶቹን ገነጣጥሉ። ለአንድ ሁለት ሰዓት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና በብሩሽ እሹት። ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ቀይሩ።

ልጣጩን በቢላ አትላጡ። ጠረን ያለው ዘይት በብዛት የሚገኘው ከልጣጩ ሥር ነው። ቢላ ጠለቅ ብሎ ይገባና ዘይቱን አብሮ ይወስደዋል። በማንኪያ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ይበቃል። ለቤታችሁ ከሆነ ደግሞ በደንብ ከታጠበ ባይፋቅም ችግር የለውም። ለገበያ ግን ፋቁት፤ ዱቄቱ ነጣ ብሎ ያምራል።

4. ክትፍ አድርጉት

ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ሁሉም እኩል ይሁን። አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ከሆነ ስሱ ሲደርቅ ወፍራሙ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የኔን የመጀመሪያ ዕቃ ያበላሸውም ይኸው ነበር። ቁረጡ ስል ክሩን በአግድም እየቆረጣችሁ ነው። ያኔ ክሩ ያጥራል፣ ወፍጮውም ላይ አይጠመጠምም።

5. ማድረቅ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። አትቸኩሉበት።

መሬት ላይ አታስጡ። በየመንገዱ ዳር አስፋልት ላይ ተሰጥቶ የምናየው ዝንጅብል የመኪና አቧራ፣ የዶሮ ኩስና የሰው እግር ያረፈበት ነው። እንደ ቡና ማድረቂያ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ሥሩ። ለትንሽ መጠን በሁለት ወንበር ላይ የተዘረጋ ንጹሕ ወንፊት ወይም ሰፌድ ይበቃል። አየር ከታችም ማለፍ አለበት። በላዩ ዝንብና አቧራ የሚከለክል ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ሳይደራረብ አሰራጩት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ አገላብጡት። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ወደ ቤት አስገቡ። ቀን ሙሉ የደረቀውን የሌሊት ጤዛ መልሶ ያርሰዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጠንካራ ፀሐይ እንዲህ የተከተፈ ዝንጅብል ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያላችሁ ከ60 ዲግሪ አታሳልፉ። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጠረኑ ይተናል።

መድረቁን በሁለት መንገድ አረጋግጡ። አንደኛው፣ ወፈር ያለውን መርጣችሁ ስበሩት። ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ ገና ነው። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ እኔ በጣም የምተማመነው በሱ ነው። ከትፋችሁ ስትጨርሱ መዝኑና ጻፉ። 5 ኪሎ ያሰጣችሁት ወደ 1 ኪሎ መውረድ አለበት። 1 ኪሎ ተኩል ላይ ከቆመ ውስጡ ውሃ አለ። ዓይን ይታለላል፣ ሚዛን ግን አይዋሽም።

ሻጋታ ካያችሁ ያንን ብቻ ለቅማችሁ ሌላውን አትሽጡ። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ካንሰርም ያስከትላል። ማፍላትና መቁላት አያጠፋውም።

6. መፍጨት

ሁሉንም በአንዴ አትፍጩ። ክትፉ ጠረኑን ከዱቄቱ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ለወር የሚበቃችሁን ብቻ ፍጩ።

መጀመሪያ በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጉት። ወፍጮ ቤት የምትወስዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ከእናንተ በፊት በርበሬ ከተፈጨበት ዝንጅብላችሁ ቀልቶ ይመጣል። ባለ ወፍጮውን እንዲያጸዳላችሁ ጠይቁት። ከራሳችሁም አንድ ሁለት እፍኝ አስቀድማችሁ አስፈጩና እሱን ለቤት አድርጉት። ሲመለስ ትኩስ ነው። ትኩሱን ከከደናችሁት ያልበዋል፣ ይጓጉላል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ ሲበርድ በወንፊት ንፉት።

7. ማሸግ

አየር የማያስገባ ዕቃ ወይም ወፈር ያለ ላስቲክ ተጠቀሙ። ስስ ፌስታል ጠረኑን ያስወጣል፣ እርጥበትም ያስገባል። ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት። የተፈጨበትን ቀን በላዩ ጻፉ።

8. ወደ ገበያው

መጀመሪያ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ። ለስሌት እንዲመች የእርጥቡን ኪሎ 100 ብር እንበል፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት። 10 ኪሎ በ1,000 ብር ገዛችሁ። ሲፋቅና ሲጸዳ 9 ኪሎ ይቀራል እንበል። ሲደርቅ 1.8 ኪሎ ይሆናል። ወፍጮና ወንፊት ላይ የሚቀረው ሲነሳ 1.7 ኪሎ ዱቄት ይተርፋል። በ50 ግራም ካሸጋችሁት 34 እሽግ ነው። 1,000ን ለ34 ስታካፍሉ ለአንዱ እሽግ 29 ብር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። ይህ የዝንጅብሉ ብቻ ነው። የወፍጮ፣ የላስቲክ፣ የትራንስፖርትና የእጃችሁ ድካም አለ። ብዙ ሰው የእርጥቡን የኪሎ ዋጋ ብቻ አይቶ ዋጋ ያወጣና ሳያውቀው ከኪሱ እየሸጠ ይከርማል።

ገዢው ማነው? ለቤት የሚገዙና ባልትና ቤቶች ዱቄት ይፈልጋሉ። ሻይ ቤቶች ግን ዱቄት አይስማማቸውም፤ ሻዩን ያደፈርስባቸዋል። ለነሱ ሳይፈጭ ክትፉን ሽጡላቸው። ለእናንተም የወፍጮው ወጪ ይቀራል። ውጭ አገር ዘመድ ያላቸውም ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ዓረብ አገር በርበሬና ሽሮ የምትልክ እናት ንጹሕ ዝንጅብልም ትፈልጋለች። በጭነት ወደ ውጭ መላክ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የራሱ ፈቃድና የጥራት ምርመራ አለው። ከሱ አትጀምሩ።

ከጎረቤት አልፋችሁ ለሱቅ ማስረከብ ስትጀምሩ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የምግብ ዝግጅቱን በተመለከተ ምን እንደሚጠየቅ በወረዳችሁ አጣሩ። እሽጉ ላይ የምርቱን ስም፣ ክብደቱን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ አድራሻችሁንም ጻፉ። «ስኳር ያጠፋል፣ ደም ግፊት ይፈውሳል» የሚል ግን እባካችሁ አትጻፉ። አምኖ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ይኖራል። ክብደት ለመጨመር ሌላ ዱቄት መቀላቀልም ያው ነው፤ ሰው አምኖ ነው አፉ የሚያስገባው።

በትንሹ ጀምሩ። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሠርታችሁ ከክትፉ ለሦስት ሻይ ቤቶች 100 100 ግራም በነፃ ስጡ። እንዴት እንደሚያፈሉትም አሳዩአቸው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ ክዳኑ ተከድኖ 15 ደቂቃ፣ ማሩ ከእሳት ከወረደ በኋላ። በሳምንቱ ተመለሱ። ጨርሰው የሚጠብቋችሁ ካሉ፣ ለቀጣዩ ዙር ስንት ኪሎ መግዛት እንዳለባችሁ እዚያው ቆማችሁ ጠይቋቸው።