ልጁ ነገም እንዲመጣ

ድሬዳዋ ውስጥ ለችግረኛ ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት ልትከፍቱ ካሰባችሁ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የእናቶቹን ውሎ እወቁ። እኔ ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። መስከረም ላይ 42 ልጆች መዘገብኩ፤ ኅዳር ሲገባ ክፍል ውስጥ የማገኛቸው 26 ብቻ ሆኑ። የወላጅ ቸልተኝነት መስሎኝ ተቆጣሁ። ቤት ለቤት ስዞር ግን እናቶቹ ገና በ12 ሰዓት ወደ ቀፊራ ገበያ ሲጣደፉ፣ የስምንት ዓመቷ ልጅም ታናሿን አዝላ ቤት ስትቀር አየሁ። የእኔ በር የሚከፈተው በ2 ሰዓት ነበር።

አሁን በራችን ከንጋቱ 11፡30 ይከፈታል። ከእናቶቹ አንዷ እየተከፈላት ልጆቹን ትቀበላለች። ታናናሾቹም አብረው ይገባሉ፤ ጥግ ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸዋል። ትምህርቱ በ1 ሰዓት ተጀምሮ በ5፡30 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊደል የሚገባው ልጅ የለም። የድሬን ሙቀት የማያውቅ ረጂ የሙሉ ቀን ትምህርት ይሁን ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ቁርሱ በዘይት የተሠራ ቅንጬ ነው። ለ40 ልጆች ሁለት ኪሎ ተኩል ይበቃል። ሥጋ ወደ ወጥ ቤታችሁ አታስገቡ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ ከፈለጋችሁ፣ «ማን አረደው?» የሚለው ጥያቄ መነሳት የለበትም። ቅቤም በጾም ቀን ያስቸግራል። በረመዳን ለሚጾሙት ትልልቅ ልጆች ድርሻቸውን በጥሬው ለቤታቸው እንሰጣለን።

ቤቱን ስትመርጡ ኪራዩ ረከሰ ብላችሁ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ አትጠጉ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ቢታይም፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከሐረርጌ ተራሮች ጎርፍ ይዞ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የውኃ በርሜሎቻችሁንም ክደኑ፤ በየሳምንቱም አፍስሳችሁ ግድግዳቸውን ፈትጉ። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ከተነሳው ወባ ጋር የተያያዘችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ እንዲህ ባለው የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። የደንጊ ትንኝም እንዲሁ ናት።

የማስተማሪያውን ቋንቋ ብቻችሁን አትወስኑ። ልጁ ወደ የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚዛወር ወላጆቹን ጠይቁ። በአማርኛ የሚቀጥለው ልጅ ከሀ ሁ ይጀምራል፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚቀጥለው ደግሞ የላቲን ፊደል ያስፈልገዋል። ሦስቱንም ቋንቋ የሚሰማ አንድ መምህር ከሦስት ኮምፒውተር ይበልጥብኛል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሳትመዘገቡ በድርጅት ስም እርዳታ አትሰብስቡ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ የወሩን ገቢና ወጪ በር ላይ ለጥፉ። የሦስት ወር ደመወዝ ባንክ ውስጥ ሳይኖር አዲስ ልጅ አትመዝግቡ። አንድ ረጂ ቃሉን ሳይጠብቅ ቀርቶ መምህራኑ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ሠርተውልኛል፤ አንዷ የቤት ኪራይ አጥታ ከተማውን ለቀቀች። ልጆቹ እስከ ፋሲካ ስለ እሷ ይጠይቁኝ ነበር። እስካሁን ያመኛል።

ሌላ ረጂ የሚያለቅስ ልጅ ፎቶግራፍ ከጠየቃችሁ ደግሞ የደብተሩን ገጽ አንስታችሁ ላኩ።

ስም በየጠዋቱ ጥሩ። ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ቤቱ ሂዱ፤ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ። «ለምን ቀረህ?» አትበሉት። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና ደጃፉ ላይ ተቀምጣችሁ የዕለቱን ትምህርት አሳዩት። እናትየዋ ከገበያ እስክትመለስ ቆዩ፤ የቀረበትን ምክንያት እሷው ትነግራችኋለች።